ለጤና ተቋማት የጨረራ መከላከያ መሣሪያዎች ግዥ፤ ከመግለጫ ዝግጅት እስከ ማስወገድ

መግቢያ

አንድ ሆስፒታል አዲስ የራጅ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚመከርበት ጉዳይ የማሽኑ ዋጋ፣ የምስሉ ጥራትና የሻጩ የጥገና አገልግሎት ነው። ከማሽኑ ጋር አብረው ሊመጡ የሚገባቸው የእርሳስ ሽርጦች፣ የግል ጨረራ መጠን መለኪያዎች፣ የአካባቢ ጨረራ መለኪያዎችና የግድግዳ መከለያዎች ግን በበጀት ዓመቱ መጨረሻ በተረፈ ገንዘብ የሚሸመቱ ተጨማሪ ዕቃዎች ተደርገው ይቆጠራሉ። በዚህም ምክንያት የሚገዙት መሣሪያዎች ለሥራው የማይስማሙ፣ ካሊብሬሽን የሌላቸው ወይም አንባቢ ላቦራቶሪ የማይገኝላቸው ሆነው በመጋዘን የሚቀሩበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

ጉዳቱ ከገንዘብ ብክነት ያለፈ ነው። ጨረራ በዓይን የማይታይ፣ በአፍንጫ የማይሸተት፣ በቆዳም የማይዳሰስ በመሆኑ ሠራተኛው ስለ ደኅንነቱ ሊያውቅ የሚችለው በመሣሪያ አማካይነት ብቻ ነው። በትክክል የማይለካ መሣሪያ ጭራሽ ካለመኖሩ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ስጋት በሌለበት ስጋትን፣ አደጋ ባለበት ደግሞ የሐሰት መተማመንን ይፈጥራልና። ይህ ጽሑፍ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የግዥ መግለጫ በማዘጋጀት፣ ጨረታ በመገምገምና ዕቃ በመረከብ ሂደት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ያብራራል።

ከመግለጫው በፊት፤ ጨረራው ምን ዓይነት ነው?

የግዥው የመጀመሪያ እርምጃ የዕቃ ዝርዝር ማውጣት ሳይሆን በተቋሙ ውስጥ ያሉትን የጨረራ ምንጮች መመዝገብ ነው። በራጅ ክፍል የሚገኘው ጨረራ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋና በአብዛኛው ከ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የማይበልጥ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ነው። በጨረራ ሕክምና ክፍል የሚገኘው ኮባልት 60 ግን ሌሊትና ቀን የሚያመነጭ፣ ጉልበቱም ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ ነው። በኑክሌር ሕክምና ደግሞ እንደ ቴክኒሽየም 99ኤም እና አዮዲን 131 ያሉ ፈሳሽ ምንጮች ስላሉ ከውጭ ከሚመታው ጨረራ በተጨማሪ በእጅ፣ በልብስና በወለል ላይ የሚቀር ብክለት አለ።

ልዩነቱ በመከላከያው ምርጫ ላይ በግልጽ ይታያል። የጨረራን መጠን በግማሽ ለመቀነስ የሚያስፈልገው የእርሳስ ውፍረት ለሲዝየም 137 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለኮባልት 60 ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በራጅ ክፍል ታላቅ አገልግሎት የሚሰጠው የ0.5 ሚሊ ሜትር ሽርጥ በእነዚህ ምንጮች ፊት ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ለቴክኒሽየም 99ኤም በመጠኑ ይረዳል፤ ለአዮዲን 131 ግን የሚሰጠው ከለላ እጅግ አነስተኛ ነው። እንደ ፎስፈረስ 32 ላሉ ቤታ አመንጪዎችም ቀዳሚው መከለያ እርሳስ ሳይሆን የአክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ የቤታ ቅንጣት በቀጥታ እርሳስ ላይ ሲያርፍ ሌላ ኤክስሬይ ይፈጥራልና።

በዚሁ አንጻር መታረም የሚገባቸው የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አሉ። የአፍና የአፍንጫ ጭምብል የተበከለ ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ ጋማ ጨረራን አያግድም። የፖታሲየም አዮዳይድ እንክብልም የታይሮይድ ዕጢን ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ይጠብቃል፤ ለራጅ ክፍል ሠራተኛ ምንም ጥቅም የለውም። ስለሆነም “የጨረራ መከላከያ ኪት” በሚል አጠቃላይ ስም የሚቀርብ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ምንጭ ላይ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል።

የመጠን ወሰንና የሕግ ፈቃድ

የዓለም አቀፉ የራዲዮሎጂ መከላከያ ኮሚሽን በሚሰጠው ምክር መሠረት በጨረራ ላይ የሚሠራ ሰው በዓመት የሚቀበለው መጠን በ5 ዓመት አማካይ ከ20 ሚሊ ሲቨርት፣ በማናቸውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 ሚሊ ሲቨርት መብለጥ የለበትም። ለሕዝብ የተቀመጠው ወሰን በዓመት 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። የዓይን ሌንስ ወሰን ቀደም ሲል በዓመት 150 ሚሊ ሲቨርት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሚሽኑ በ5 ዓመት አማካይ ወደ 20 ሚሊ ሲቨርት ዝቅ አድርጎታል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መሠረታዊ የደኅንነት ደረጃ ይህንኑ ተቀብሏል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የተዘጋጀን የግዥ መግለጫ ገልብጦ የሚጠቀም ተቋም በተለይ በፍሎሮስኮፒ ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች የዓይን መከላከያ መነጽርን ሊዘነጋ ይችላል።

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር የነበራት ግንኙነት ድርጅቱ ከተመሠረተበት ከ1957 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። የጨረራ ቁጥጥር ሕግም በአገሪቱ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተሻሽሎ ወጥቷል። ቀድሞ የኢትዮጵያ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ያከናውነው የነበረው የፈቃድና የቁጥጥር ሥራ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። በግዥ ረገድ ይህ ማለት የጨረራ ምንጭ ወይም ጨረራ አመንጪ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ተቋም የተቆጣጣሪውን ፈቃድ የሚጠይቀው ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ውል ከመፈረሙ በፊት ነው ማለት ነው። በእርዳታ የሚመጣ ያገለገለ ማሽንም ከዚህ አሠራር ውጭ አይሆንም።

የእርሳስ ሽርጥ

በተለምዶ ሌድ አፕሮን እየተባለ የሚጠራው የእርሳስ ሽርጥ በሁሉም የራጅ ክፍል የሚገኝ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር መግለጫ ብቻ የሚገዛ ዕቃ ነው። “የእርሳስ ሽርጥ፣ ብዛት 4” የሚል መግለጫ ሻጩ ያለውን ሁሉ እንዲያቀርብ በር ይከፍትለታል። በቂ መግለጫ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይይዛል።

አንደኛው የእርሳስ አቻ ውፍረት ነው። በገበያ የተለመዱት 0.25፣ 0.35 እና 0.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። አልፎ አልፎ በሽተኛ ለሚደግፍ ሰው 0.25 ሚሊ ሜትር ሊበቃ ይችላል፤ በፍሎሮስኮፒ ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል በሲ አርም አጠገብ ለረጅም ሰዓት ለሚቆም ሠራተኛ ግን ከፊት 0.5 ሚሊ ሜትር ይመረጣል። ዙሪያውን የሚሸፍንና ከፊት ለፊት የሚደራረብ የ0.25 ሚሊ ሜትር ልብስ በተደራረበበት ቦታ 0.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሰጥ፣ ክብደቱም በትከሻና በወገብ መካከል ስለሚከፋፈል ለረጅም ሥራ ይስማማል።

ሁለተኛው አቻው የተለካበት የኤክስሬይ ጉልበትና የመለኪያው ዘዴ ነው። ይህ በተለይ እርሳስ የሌላቸው ቀላል ሽርጦችን ይመለከታል። እንደ ቢስሙት፣ ቆርቆሮና ተንግስተን ካሉ ማዕድናት የሚሠሩት እነዚህ ሽርጦች በአንድ ጉልበት ከእርሳስ ጋር እኩል ሆነው በሌላው ያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚህም ሌላ ማዕድናቱ ራሳቸው ሁለተኛ ጨረራ ያመነጫሉ። በጠባብ የጨረራ ዘለላ የተካሄደ ልኬት ይህን ሁለተኛ ጨረራ ስለማይቆጥር የሽርጡን ጥራት ካለው በላይ ያሳያል። በመሆኑም መግለጫው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በተከታታይ ቁጥር 61331 ያወጣው ደረጃ እንዲሟላ፣ የምርመራውም ሰርተፊኬት ከነኪሎ ቮልቱ እንዲቀርብ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው መጠንና ልክ ነው። በአንድ ልክ የተገዙ ሽርጦች ለአጭር ሠራተኛ መሬት የሚጎትቱ፣ ለረጅሙ ደግሞ ከጉልበት በላይ የሚቀሩ ይሆናሉ። ሰፊ የእጅጌ ክፍተት ያለው ሽርጥ የጡትን ጎን ለጨረራ እንደሚያጋልጥም መታወስ አለበት። የታይሮይድ መከላከያ አንገትጌና የእርሳስ መነጽርም አብረው በዝርዝሩ ሊካተቱ ይገባል።

ተረካቢ ኮሚቴ ያለ ውድ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ቀላል ምርመራ አለ። የ0.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር 5.7 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 0.6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውና የእርሳስ ነው የተባለ ሽርጥ ከ3.4 ኪሎ ግራም ሊያንስ አይችልም። 2 ኪሎ ግራም ብቻ ከመዘነ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ትክክል አይደለም ማለት ነው። እርሳስ ለሌለው ሽርጥ ይህ ስሌት ስለማይሠራ ሰርተፊኬቱ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል። ከዚህም በኋላ እያንዳንዱ ሽርጥ በራጅ ወይም በፍሎሮስኮፒ ታይቶ ስንጥቅና ቀዳዳ እንደሌለው መረጋገጥ፣ ቁጥርም ሊሰጠው ይገባል። ይኸው ምርመራ በየዓመቱ ይደገማል። ሽርጥ በሰፊ መስቀያ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይታጠፍም፤ መታጠፊያው ላይ የሚፈጠረው ስንጥቅ ከውጭ አይታይምና። ስለዚህ መስቀያው ራሱ በግዥው መካተት አለበት።

በሌላ በኩል፣ ለበሽተኞች የመራቢያ አካል መሸፈኛ የሚሆኑ የእርሳስ ቁራጮችን በብዛት መግዛት ዛሬ አይመከርም። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ልማድ በመደበኛ ምርመራ እንዲቀር መክሯል። በዘመናዊ መሣሪያ የሚሰጠው መጠን አነስተኛ ከመሆኑም በላይ መሸፈኛው ከቦታው ሲንሸራተት የሚፈለገውን አካል ሊሸፍንና ምርመራው እንዲደገም ሊያደርግ፣ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያውንም አሳስቶ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። የተቆጠበው ገንዘብ በትክክለኛ የጨረራ ዘለላ ማጥበቢያና በሥልጠና ላይ ቢውል ለበሽተኛው ይበልጥ ይጠቅማል።

ግድግዳ፣ በርና መስኮት

የክፍል መከለያ በግንባታ ውል ውስጥ ስለሚገባ ከጤና ባለሙያው ዓይን የሚያመልጥ የግዥ አካል ነው። ለተለመደ የራጅ ክፍል 23 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን የሸክላ ጡብ ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ድፍን ኮንክሪት ወደ 2 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚጠጋ ከለላ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከተሞች ለግድግዳ በብዛት የሚውለው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ከውጭ 20 ሴንቲ ሜትር የሚለካው ብሎኬት በክፍተቱ በኩል ያለው ድፍን አካል ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ እንደ ድፍን ግድግዳ ሊቆጠር አይገባም። ክፍተቶቹን በኮንክሪት መሙላት፣ የባሪየም ልስን መለሰን ወይም የእርሳስ ንጣፍ መጨመር ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ሲሆን፣ ስሌቱም የበሽተኛውን ብዛት፣ የማሽኑን ኪሎ ቮልት፣ የግድግዳውን ርቀትና ከግድግዳው ወዲያ ማን ለስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ከግምት ያስገባል።

ሾልኮ የሚወጣ ጨረራ በብዛት የሚገኘው በግድግዳው መካከል ሳይሆን በመገናኛዎች ነው። የበሩ እርሳስና የመቃኑ እርሳስ ካልተደራረቡ፣ ለኤሌክትሪክ ማብሪያ ሲባል ግድግዳው ከተቦረቦረ ወይም የመቆጣጠሪያው መስታወት ተራ መስታወት ከሆነ የቀረው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ስለሆነም የግንባታው የመጨረሻ ክፍያ ክፍሉ ማሽኑ እየሠራ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ ከመቅረቡ በፊት ሊፈጸም አይገባም።

የግል ጨረራ መጠን መለኪያ

ሠራተኛው በደረቱ ላይ የሚያደርገው ዶዚሜትር ጨረራን አይከላከልም፤ የተቀበለውን መጠን ይመዘግባል እንጂ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚታወቁት በሙቀት የሚነበበው የሊቲየም ፍሎራይድ ባጅና በብርሃን የሚነበበው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ባጅ ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ሲነበብ መረጃው ይጠፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ደግሞ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱም ግን ያለ አንባቢ መሣሪያና ያለ ላቦራቶሪ ተራ ፕላስቲክ ናቸው።

ስለዚህ እዚህ ላይ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን አገልግሎት መሆኑን ግዥ ክፍሉ ሊረዳው ይገባል። ማን ያነባል? በየስንት ጊዜው? ውጤቱ በስንት ቀን ይመለሳል? ከወሰን ያለፈ ውጤት ሲገኝ ለማን ይነገራል? መዝገቡስ ለስንት ዓመት ይቆያል? እነዚህ ጥያቄዎች በውሉ ውስጥ መልስ ሊያገኙ ይገባል። በብዛት የተለመደው የመቀየሪያ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ነው። አንዱ ባጅ ላቦራቶሪ ሲሄድ ሠራተኛው ባዶውን እንዳይቀር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ባጅ፣ በተጨማሪም ከጨረራ ርቆ የሚቀመጥ መቆጣጠሪያ ባጅ ያስፈልጋል። 12 ሠራተኞች ያሉት ክፍል 12 ባጅ ብቻ ከገዛ ከመጀመሪያው ጉድለት አለበት።

በፍሎሮስኮፒ ለሚሠሩ ከሽርጡ ሥር ከሚደረገው በተጨማሪ ከሽርጡ ውጭ በአንገት አጠገብ ሁለተኛ ባጅ ይመከራል፤ የዓይንን መጠን ለመገመት ይረዳልና። ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ለሚቀዱ ደግሞ የጣት ቀለበት ዶዚሜትር ያስፈልጋል። እርግዝናዋን ያሳወቀች ሠራተኛ በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ፅንሱ ከ1 ሚሊ ሲቨርት በላይ እንዳይቀበል ስለሚጠበቅ፣ በሆድ ላይ የሚደረግ ተጨማሪ ባጅ በመጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ነው። ወዲያው የሚነበብ ኤሌክትሮኒክ ዶዚሜትር ጠቃሚ ቢሆንም አንዳንዶቹ የራጅ ማሽን በቅጽበት የሚረጨውን ጨረራ አሳንሰው ስለሚቆጥሩ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨረራ የተፈተኑ መሆናቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

የአካባቢ ጨረራ መለኪያ

ሰርቬይ ሜትር በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። የጋይገር ሙለር ቱቦ ርካሽና ለአነስተኛ ጨረራ ንቁ በመሆኑ የጠፋ ምንጭ ለመፈለግና ብክለትን ለማየት ይመቻል። ነገር ግን በራጅ ማሽን አጠገብ፣ ጨረራው በሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ በሚቆይበት ሁኔታ፣ ንባቡ አይታመንም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከ25 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጀምሮ የሚለካና ድምር መጠን የመያዝ ችሎታ ያለው የአዮናይዜሽን ቻምበር ይመረጣል። ሲንቲሌሽን መለኪያ ደግሞ እጅግ ንቁ ሲሆን በአነስተኛ የጋማ ጨረራ ላይ ይውላል።

ብዙ መለኪያዎች ካሊብሬት የሚደረጉት በሲዝየም 137 ሲሆን ይህም 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። መሣሪያው በዚህ ጉልበት ትክክል መሆኑ በ60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለሆነም ሻጩ የመሣሪያውን የጉልበት ምላሽ ሥዕላዊ መግለጫ እንዲያቀርብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ልዩ ትኩረት የሚሻ ሌላ ጉዳይ አለ። አየር የሚያስገባ ክፍት የአዮናይዜሽን ቻምበር ንባቡ በውስጡ ባለው አየር መጠን ላይ የተመሠረተ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በባሕር ጠለል ግፊት ካሊብሬት የተደረገ ክፍት ቻምበር እርማት ካልተደረገበት ከትክክለኛው መጠን አንድ አራተኛ ያህል አሳንሶ ያሳያል። መግለጫው የታሸገ ግፊት ያለው ቻምበር፣ ወይም የግፊትና የሙቀት እርማት የሚያደርግ መሣሪያ እንዲሆን ቢደነግግ ችግሩ ይቃለላል።

የመለኪያው የላይኛ ወሰንም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል በጎያኒያ ከተማ አንድ ፊዚሲስት ከማዕድን ፍለጋ መሥሪያ ቤት የተዋሰውን እጅግ ንቁ መለኪያ ይዞ የተጠረጠረውን ምንጭ ለመፈተሽ ሲሄድ ጠቋሚው በየትኛውም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ወጣ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ ለማምጣት ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ባሳየ ጊዜ ነው የአደጋው ስፋት የታወቀው። መለኪያው ትክክል ነበር፤ ወሰኑ ግን ለዚያ መጠን አልተሠራም። ስለዚህ ከፍተኛ ምንጭ ያለው ተቋም ከተፈጥሮ ጨረራ እስከ አደጋ መጠን የሚደርስ ወሰን ያለው፣ ሲያልፍበትም ወደ ዜሮ የማይመለስና የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚሰጥ መለኪያ ሊኖረው ይገባል።

ከዚህም ሌላ ባትሪው በከተማው ሱቅ የሚገኝ ዓይነት መሆኑ፣ መሣሪያው ሞቃት ቆላ ላይ መሥራት መቻሉና የሙከራ ምንጭ አብሮት መቅረቡ ይታያል። በየዓመቱ የሚደረገው ካሊብሬሽን የት እንደሚካሄድና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ካልተጻፈ የዛሬው ጥሩ መለኪያ ከሁለት ዓመት በኋላ የማይታመን ዕቃ ይሆናል።

ጨረታና ርክክብ

በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አሸናፊን መለየት ለወረቀትና ለሳሙና ይሠራ ይሆናል፤ ለጨረራ መከላከያ ግን አይሠራም። ለተጫራቾች የሚቀርበው ሰነድ የቴክኒክ መስፈርቱን ካላለፈ የዋጋ ፖስታው እንደማይከፈት ቢደነግግ ይመረጣል። ዋጋውም ሲወዳደር የካሊብሬሽን፣ የመለዋወጫ፣ የሥልጠናና የ5 ዓመት ጥገና ወጪ ተደምሮ ነው። በፕሮፎርማ በሚፈጸም አነስተኛ ግዥም ቢሆን ከላይ የተጠቀሱት ሰርተፊኬቶች አይቀነሱም።

ርክክብ ሳጥን ቆጥሮ ሞዴል 19 መቁረጥ ብቻ አይደለም። በተረካቢ ኮሚቴው ውስጥ የራጅ ባለሙያ ወይም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መኖር፣ የሰርተፊኬቱ መለያ ቁጥር ከመሣሪያው ቁጥር ጋር መመሳከር፣ ዕቃውም በሥራ ቦታው መፈተሽ አለበት። ሰነዱ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

የራስን የቻለ ሁለተኛ ልኬት አስፈላጊነት በኮስታ ሪካ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ሆሴ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የኮባልት 60 ምንጭ በአዲስ ሲቀየር ልኬቱን ያካሄደው ሰው 0.3 ደቂቃን 30 ሰከንድ አድርጎ ቆጠረ፤ ትክክለኛው 18 ሰከንድ ነበር። የምንጩ ኃይል ካለው በታች ስለ ተገመተ 115 ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረራ ተሰጣቸው። የተገዛው ምንጭ እንከን አልነበረበትም፤ የጠፋው ውጤቱን እንደገና የሚያይ ሁለተኛ ሰው ነው።

ምንጩ ሥራውን ሲጨርስ

በግዥ ሰነድ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የመጨረሻው ቀን ነው። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት፣ ሲዝየም 137 በ30 ዓመት ግማሹ ይቀንሳል። ለሕክምና የደከመ ምንጭ ግን ለሰው ሕይወት አደገኛነቱ ገና አላበቃም።

ከጎያኒያው አደጋ በፊት በከተማዋ የነበረ አንድ የጨረራ ሕክምና ተቋም ቦታ ሲቀይር የሲዝየም 137 ማሽኑን በተተወው ሕንፃ ውስጥ አስቀርቶት ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ፈቱት፤ የሚያበራው ዱቄትም በየቤቱ ተሰራጨ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ 112,000 የሚሆኑ ሰዎች ተመረመሩ፤ 249 ሰዎችም ተበክለው ተገኙ። በሜክሲኮ በሲውዳድ ኋሬዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ያለ ተገቢ ፈቃድ የተገዛ ያገለገለ የኮባልት ማሽን የሚያሠራው ባለሙያ ባለመገኘቱ 6 ዓመት ያህል በመጋዘን ተቀምጦ ቆየ፤ በ1983 መጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ኮባልቱ ከብረት ጋር ቀልጦ የግንባታ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። የታወቀውም በ1984 መጀመሪያ ብረቱን የጫነ መኪና በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በር ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው በመጮኹ ነው። በሕንድ በዴልሂ ከ1985 ጀምሮ ያለ ሥራ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ የኮባልት መሣሪያ በ2010 በሐራጅ ተሸጦ በማያፑሪ የቁርጥራጭ ገበያ ሲፈታ አንድ ሰው ሞቷል።

በሦስቱም ታሪኮች አደጋው የደረሰው ማሽኑ ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ሳይሆን ተረስቶ በቆየበት ጊዜ ነው። ባለቤት የሌለው ከባድ ብረት በየትም አገር ገዢ አያጣም፤ በአዲስ አበባም ከየሰፈሩ በቆራሌው የሚሰበሰበው ብረት ወደ ምናለሽ ተራ ሲያመራ ውስጡን የሚለካ የለም። ስለዚህ የጨረራ ምንጭ በሚገዛበት ውል ሻጩ ምንጩ ሥራውን ሲጨርስ መልሶ እንደሚወስድ፣ የማጓጓዣው ወጪ በማን እንደሚሸፈንና እስከዚያ ድረስ የት እንደሚጠበቅ መጻፍ አለበት። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው የራዲዮአክቲቭ ምንጮች ደኅንነትና ጥበቃ የሥነ ምግባር ደንብና በኋላ የተጨመረው ያገለገሉ ምንጮች መመሪያ መንፈስም ይኸው ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኞችም ባለ ሦስት ቅጠሉን የጨረራ ምልክት እንዲያውቁ፣ ምልክቱ ያለበትን ማንኛውንም ዕቃ በሐራጅ ዝርዝር እንዳያስገቡ ሊነገራቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

የጨረራ መከላከያ ግዥ የግዥ ክፍሉ ብቻ ሥራ አይደለም። መግለጫውን የሚያውቀው ባለሙያ ካልጻፈው ሻጩ ይጽፈዋል። በእያንዳንዱ ተቋም ኃላፊነቱን የሚወስድ የጨረራ ደኅንነት ተጠሪ ቢሰየም፣ የምንጮችና የመከላከያዎች መዝገብ ቢያዝ፣ በየዓመቱም የካሊብሬሽንና የዶዚሜትር አገልግሎት በጀት ከማሽኑ ጥገና ጋር አብሮ ቢመደብ አብዛኛው ችግር ይወገዳል። አቅም ውስን በሆነበት ቦታ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁት ሁለት መከላከያዎች፣ ማለትም የቆይታ ጊዜን ማሳጠርና ርቀትን ማስፋት፣ ዘወትር በእጅ ናቸው፤ ከአነስተኛ ምንጭ የሚቆሙበት ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረራ ወደ ሩብ ይወርዳል።

በመጨረሻም የሽርጡን ክብደት የሚመዝነው፣ የመለኪያውን ሰርተፊኬት የሚጠይቀውና የውሉን የመጨረሻ አንቀጽ የሚያነበው ባለሙያ የሚጠብቀው ራሱን ብቻ አይደለም። ሕፃን ልጇን ለራጅ ደግፋ የምትይዘው እናት፣ ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛና ከግድግዳው ወዲያ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ የሚተማመኑት በእርሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለዚህ ጥንቃቄ ትክክለኛው ጊዜ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።